ሁለት ጊዜ የተቀባው ኬዝ

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ ለማስጻፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ለማስደረግ ወይም ፎርም ለማስሞላት የሚመጣ ሰው ተራው እስኪደርሰው ድረስ ዓይኑ የሚያርፈው ከበሩ ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ አሮጌ ዕቃ ነበር። ብዙዎቻችን በልማድ «ሲፒዩ» የምንለው ሣጥን፣ በትክክለኛ ስሙ ኬዙ፣ የፊት ፕላስቲኩ እንደ ቆየ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ የጎን ላሜራውም ወለል ላይ ስለሚቀመጥና ቤቱ በታጠበ ቁጥር ውሃ ስለሚረጭበት ከሥሩ ዝጎ ነበር። ውስጡ ያለው ዕቃ ግን ለዓመታት ሲሠራ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። የአዲስ ኬዝ ዋጋ ብጠይቅ ከአንድ ወር የሱቅ ኪራዬ ብዙ የማይርቅ ገንዘብ ነገሩኝ፤ ስለዚህ በራሴ እጅ ልቀባው ወሰንኩ።

በውሳኔዬ ዛሬም አልጸጸትም። አፈጻጸሜ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተበላሸ ነበር። በዚህም ምክንያት ለሳምንታት በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ሠራሁ፣ ያልተበላሸ ማዘርቦርድ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ለመለወጥ ገንዘብ ቆጥሬ እስከ መያዝ ደረስኩ፣ ከዚያም ሁሉ በኋላ ቀለሙን እስከ ላሜራው ድረስ ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ጥቂት ገንዘብ ይዞ አሮጌ ኮምፒውተሩን ለማደስ የሚያስብ ሰው የእኔን ሁለተኛ ሥራ የመጀመሪያው እንዲያደርገው ነው።

ሥራውን የጀመርኩት በሐምሌ ወር ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገበያችን ስለሚቀዘቅዝ ጊዜ አገኘሁ ብዬ ነው። ለሚረጭ ቀለም ግን የአዲስ አበባ ሐምሌ ከዓመቱ ወሮች ሁሉ የከፋው ነው። ከመኪና ዕቃ መሸጫ ሁለት ቆርቆሮ ጥቁር ስፕሬይ ገዛሁ፤ ኬዙን ፈታታሁና ማዘርቦርዱን፣ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይና ሃርድ ዲስኩን አወጣሁ፤ ላሜራውን በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩ፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ግቢ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ካርቶን ዘርግቼ መርጨት ጀመርኩ። ከላይ ደመናው ስለጠቆረ ዝናቡ ሳይወርድ ልጨርስ ብዬ ቆርቆሮውን ወደ ላሜራው አስጠግቼ በአንድ ጊዜ ጥቁር እስኪሆን ድረስ ረጨሁት። ቀለሙ ወረደ፤ ከታች ጫፉ ላይም እንደ ሻማ ሰም ተንጠባጥቦ ደረቀ። ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ በጥቁሩ ላይ ሰው የተነፈሰበት መስታወት የሚመስል ነጭ ጭጋግ ወጣበት። ምክንያቱን ያወቅኩት ኋላ ነው፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር በፍጥነት ሲተንን የላሜራውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን ደግሞ እርጥበቱ ገና ባልደረቀው ቀለም ላይ እንደ ጤዛ ያርፋል።

ያን ዕለት ከዚህ የባሰ ነገር ሊደርስ ነበር። ከግቢው ማዶ የሚኖሩት ጎረቤቴ ቡና ሊያፈሉ ከሰል አያይዘው ነበር፤ ምድጃቸው ከእኔ ሦስት ሜትር አይርቅም። «አንተ ልጅ፣ ይህ የምትነፋው ነገር እሳት ይወዳል እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ ነው ቆርቆሮውን አዙሬ ያነበብኩት። ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን፣ ማለትም ለምግብ ማብሰያ በሲሊንደር ከምንገዛው ጋዝ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ከአየር ስለሚከብድም ወደ መሬት ወርዶ ይተኛል፤ ከሰሉ ያለውም መሬት ላይ ነው። እትዬ ምድጃቸውን አንሥተው ገቡ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከሰል፣ ቡታጋዝ ወይም የተለኮሰ ሲጋራ ባለበት ግቢ ቆርቆሮ አንሥቼ አላውቅም። በጋራ ግቢ የምትኖሩ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ጎረቤቶቻችሁን አስታውቁ፤ የታጠበ ልብስ የተሰጣ እንደሆነም አስነሡ፣ ብናኙ ከምታስቡት በላይ ርቆ ይሄዳል።

በማግሥቱ ጠዋት ነጩን ጭጋግ ለመሸፈን ብዬ በላዩ ላይ ሁለተኛ ዙር ረጨሁ። ቀለሙ ዓይኔ እያየ እንደ ደረቀ በርበሬ ተጨማደደ። ቆርቆሮው ጀርባ ላይ ተደራቢው ቀለም በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነም ከ48 ሰዓት በኋላ እንዲረጭ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። በመካከል ባለው ጊዜ የታችኛው ቀለም ከላዩ ቆዳ አውጥቶ ከሥሩ ለስላሳ ስለሚሆን አዲሱ ቀለም የያዘው ቲነር ሰርጎ ገብቶ ያሳብጠዋል። ይህ የጊዜ ገደብ ከቀለም ወደ ቀለም ስለሚለያይ የምትገዙትን ቆርቆሮ ጽሑፍ ገና ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ አንብቡት፤ ጽሑፉ የተፋቀ ወይም የማይነበብ ከሆነ ሌላ ውሰዱ።

ተጨማዶም ቢሆን ቀለም ቀለም ነው ብዬ በሦስተኛው ቀን ዕቃውን መልሼ ገጠምኩት። ማብሪያውን ስጫን መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ አራት ሰከንድ ያህል ቆይቶም ሁሉም ነገር ድርግም አለ። ደግሜ ሞከርኩ፤ እንዲሁ ሆነ። አንድ ጥገና ቤት ወስጄ ባሳየው ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ መለወጥ አለበት አሉኝ። ገንዘቡን ለማሟላት የሳምንቱን የወረቀት መግዣ ሁሉ አሰባስቤ ነበር። ደግነቱ የማውቀው አንድ ወጣት ጠጋኝ ከመግዛትህ በፊት እስቲ እኔም ልየው አለኝ። ከማብሪያው ቁልፍ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ነቀለና ሁለቱን እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ አገናኛቸው። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ አልጠፋምም። ለካስ የማብሪያውን ቁልፍ ሳልፈታ በላዩ ላይ ስለረጨሁ ቀለሙ በዙሪያው ሰርጎ አጣብቆታል፤ አንዴ ሲጫን ተመልሶ አይወጣም። ኮምፒውተር ደግሞ ማብሪያው ለአራት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ከቆየ ባለቤቱ በግድ ሊያጠፋኝ ነው ብሎ ይጠፋል። ልጁ ከሻይ ሒሳብ በቀር አልተቀበለኝም። ቀለም ከቀባችሁ በኋላ ኮምፒውተራችሁ በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ማንም ሰው ስለ ማዘርቦርድ ሳይነግራችሁ በፊት ይህን ቁልፍ ፈትሹ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ የውስጡ ቀለም መላጥ ጀመረ። ከውጭ ያለው ቢያንስ ይዞ ነበር፤ ከውስጥ ያለው ግን ጥፍር ሲነካው ብቻ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ቅሪቱ ማራገቢያው ላይ እንዳይገባ በመፍራት ኮምፒውተሩን አጠፋሁትና ኬዙን ተሸክሜ በሰፈራችን የመኪና ላሜራና ቀለም ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ።

ጋሼ ሥራቸውን ሳያቋርጡ «በምን አጠብከው?» አሉኝ። በጨርቅ መወልወሌን ስነግራቸው ነጭ ጨርቅ ቲነር አስነክተው ከላሜራው ያልተቀባ ቦታ ላይ አንዴ አሳለፉበትና አሳዩኝ። ጨርቁ ጠቁሯል። የብዙ ዓመት የእጅ ቅባት፣ የኮፒ ማሽን ዱቄትና የመንገድ አቧራ አንድ ላይ ተጣብቆ ነበር። እኔ የቀባሁት ያንን ቆሻሻ እንጂ ላሜራውን አልነበረም። ከዚያም ኬዙን ገልብጠው ውስጡን አዩና ይህ ብረት አይደለም፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ወንድም ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአብዛኞቹ የኮምፒውተር ኬዞች ውስጥ ዝገት እንዳይበላው በስሱ በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ነው። የዘይትነት ጠባይ ያለው ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ሲያርፍ ዘይቱና ዚንኩ እየተዋሃዱ ከቀለሙ ሥር ሳሙና የመሰለ ንጣፍ ይፈጥራሉ፤ ቀለሙም መያዣ ያጣል። የቆርቆሮ አጥር ሲቀባ ቆንጆ ሆኖ ክረምት ሲያልፍበት እየተላጠ የሚወርደው በዚሁ ጠባይ ነው። መፍትሔው በመጀመሪያ ዚንክን የሚይዝ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚገባ የመሠረት ቅብ፣ መቀባት ነው፤ ጋራዦች ወሽ ፕራይመር የሚሉት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ የረዳኝን ነገር ልንገራችሁ። ወሽ ፕራይመር ከማጠንከሪያው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበላሽ ጋራዥ የተረፈውን ይደፋዋል። ጋሼ አንድ መኪና ሲጨርሱ በስፕሬይ ጋናቸው ውስጥ የቀረውን በእኔ ኬዝ ላይ ሊረጩልኝ ተስማሙ፤ እኔም ለረዳታቸው ጥቂት ሰጠሁ። ሙሉ ቆርቆሮ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ለጠቅላላው ሥራ ከመደብኩት ይበልጥ ነበር። በሰፈራችሁ ጋራዥ ካለ ላሜራውን አጥባችሁና ፍቃችሁ አዘጋጁትና እንደ እኔ ጠይቁ፤ ሰው የሚያፍርበት ጥያቄ አይደለም።

ሁለተኛውን ሥራ የጀመርኩት ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምት ነው። በመጀመሪያ አሮጌውን ቀለም ማንሣት ነበረብኝ። ከላሜራው ላይ ቲነር በነካ ጨርቅና በብርጭቆ ወረቀት ተነሣ፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ አያስቸግርም። የፊት ፕላስቲኩ ላይ ግን የመጨረሻውን ትልቅ ስሕተቴን ሠራሁ። በዚያው ጨርቅ በዚያው ቲነር ፕላስቲኩን ስጠርገው ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ፕላስቲኩ ራሱ ለስልሶ ጨርቁ ላይ ተጣበቀ፤ የአውራ ጣቴ አሻራም እንደ ማኅተም ታትሞበት ቀረ። የኬዝ ፊት ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ በቲነርና በአሴቶን ይሟሟል፤ አሴቶን ደግሞ በአንዳንድ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዎች ውስጥም አለ። ፕላስቲክን በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡ፤ ቀጥሎ ከፋርማሲ በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ጥረጉት፤ ከዚህ የጠነከረ ነገር አታስነኩት። እኔ ያበላሸሁትን ለማስተካከል ሁለት ምሽት በብርጭቆ ወረቀት ፈጋሁ፤ የጥልቁን ቦታ የመኪና ስቱኮ በስሱ ሞልቼ አስተካከልኩት።

የፕላስቲኩ ቢጫነት ብቻ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቀለም የግድ አይደለም። ቢጫ የሚሆነው እሳት እንዳይዘው በውስጡ ከሚጨመረው ብሮሚን ያለበት ንጥረ ነገርና ከብርሃን የተነሣ ነው ይባላል፤ የውበት ሳሎኖች ለፀጉር ማቅለሚያ የሚጠቀሙበትን የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ክሬም ጓንት አድርጎ ቀብቶ፣ እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፍኖ ለጥቂት ሰዓታት ፀሐይ ላይ ማቆየት ብዙ ጊዜ ያነጣዋል። ቢጫው ግን ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ስለሚችል እኔ ቀለሙን መረጥኩ።

መፍታት ስትጀምሩ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉና የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ። ከፊት ፕላስቲኩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱትን ቀጫጭን ሽቦዎች ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ይህን ባለማድረጌ በመጀመሪያው ጊዜ የመብራቶቹን ሽቦዎች በግምት ነበር የሰካሁት። ብሎኖቹን ደግሞ ቦታቸውን በጻፋችሁበት ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጥፏቸው፤ የሲዲ ማንበቢያው ብሎንና የኬዙ ብሎን ቢመሳሰሉም ጥርሳቸው አንድ አይደለም። ማብሪያ ቁልፉን፣ የዩኤስቢ ሶኬቶቹን፣ የመብራት ሌንሶቹን ሁሉ አውጡ። ሊፈታ የማይችለውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት።

ፈጽሞ የማይከፈት አንድ ነገር አለ፤ ፓወር ሰፕላዩ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ሲሆን በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትልልቅ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይህ ኃይል ሊቆይ ይችላል። ሽፋኑን ለመቀባት ብሎ ይህን ሣጥን መክፈት ከሕይወት ጋር መጫወት ነው። ኬዙ ከተዘጋ በኋላ የሚታየው የጀርባው ገጽ ብቻ ስለሆነ እንዳለ ተዉት።

ላሜራው ላይ ዝገት የበላውን ቦታ ቁጥሩ 120 በሆነ ብርጭቆ ወረቀት እስከሚያብረቀርቅ ድረስ ፈጋሁት፤ ቀጥሎ በ240፣ በመጨረሻም መላውን ገጽ በ400 አስኬድኩበት። ዓላማው ቀለሙን ሁሉ ማንሣት አይደለም፤ ነባሩ የፋብሪካ ቀለም ጠንካራ ከሆነ ማብረቅረቁ እስኪጠፋና በጣት ሲዳሰስ እንደ ጠመኔ እስኪሻክር መፈግፈግ ይበቃል። ውስጡን በዚንክ የተለበጠውን ክፍል ግን አጥብቄ አልፈገፈግሁትም፣ ዚንኩ ራሱ የዝገት መከላከያ ነውና። በ400 ውሃ እየነካችሁ ብትፈገፍጉ አቧራ አይነሣም፤ ሆኖም ብረቱ ተራቁቶ ከነውሃው አንድ ሌሊት ካደረ ጠዋት ቀይ ዝገት ታገኙበታላችሁ፤ ወዲያው አድርቁት። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ፤ ብናኙ ኬዙ ውስጥ ቀርቶ ማዘርቦርድ ላይ ቢወድቅ ሁለት መስመር አገናኝቶ ሊያቃጥል ይችላል።

ቀለም ሊነካው የማይገባ ቦታም አለ። ማዘርቦርዱ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ የናስ እግሮች፣ ፓወር ሰፕላዩ በብሎን የሚታሰርበት የጀርባ ላሜራ፣ ካርዶች የሚታሰሩበት ጠርዝ፣ የጎን ላሜራው ከኬዙ ጋር የሚነካካበት ውስጠኛ ጠርዝ፣ እነዚህ ሁሉ እርቃናቸውን መቅረት አለባቸው። የኬዙ ብረት ከመሬት ሽቦው፣ ኤሌክትሪሺያኖች ኧርዝ ከሚሉት ጋር የሚገናኘው በእነዚህ ቦታዎች በኩል ነው። ኬዙን ሲነኩት እጅ ስለሚነዝር ቀለም ቢቀባ ይሻለዋል ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ አለ። ንዝረቱ የሚመጣው የግድግዳው ሶኬት የመሬት ሽቦ ስለሌለው ነው፤ ቀለም ቢሸፍነውም ብሎኑን የነካ ሰው ይሰማዋል። ለዚያ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ሳይሆን ኤሌክትሪሺያን ነው።

ኬዙን ወሽ ፕራይመር አስረጭቼ ከጋራዡ ስመለስ በላዩ ላይ በቆርቆሮ የሚሸጥ ግራጫ ፕራይመር ሁለት ስስ ዙር ጨመርኩ፤ ጋሼ ከዚያ ወሽ ፕራይመር ጋር የሚስማማውን ዓይነት ነግረውኝ ነበር። ግራጫ ፕራይመር ጥሩ ፈራጅ ነው፤ በአሮጌው ቀለም ላይ የማይታየውን ጭረትና ጉድጓድ ሁሉ ያወጣዋል። የወጣውን በ600 አስተካክዬ እርጥብ ጨርቅ አሳለፍኩበት።

የጥቅምት ፀሐይ ለቀለም የተመቸች ብትሆንም ነፋሷ አቧራ ታመጣለች። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሬ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላና ነፋሱ ሳይነሣ፣ ግቢውን ውሃ አርከፍክፌ ሠራሁ። ከትልቅ የፍሪጅ ካርቶን አንድ ጎኑ የተከፈተ ቤት ሠርቼ ላሜራውን ከልብስ መስቀያ በተሠራ ሽቦ በውስጡ አንጠለጠልኩት። ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ አታድርጉት፤ ገጹ ቶሎ ደርቆ ከሥሩ የታፈነው ቲነር ሲወጣ ፊኛ ያወጣል። ቆርቆሮውን በውስጡ ያለው ማማሰያ ኳስ ከተንኳኳ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ናጡት። ጠዋቱ ከቀዘቀዘ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት፤ እሳት ዳር ወይም የፈላ ውሃ ውስጥ ግን ፈጽሞ አታድርጉት፣ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ርቀቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለእኔ የአንድ ስንዝርና የአራት ጣት ያህል ሆኖልኛል። መጫን የምትጀምሩት ቀለሙ ላሜራው ላይ ከመድረሱ በፊት ነው፣ የምትለቁትም ካለፈ በኋላ ነው፤ እጃችሁ በመካከል አይቁም። የመጀመሪያው ዙር ግራጫው ከሥር እየታየ መቅረት አለበት። ዓይናችሁ «አልሸፈነም» ይላችኋል፤ አትስሙት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቼ ሁለተኛውን፣ እንደገና ቆይቼ ሦስተኛውን ስረጭ ያለ አንዲት ጠብታ ሸፈነ። አንድ ዝንብ መጥታ አረፈችበት። በእጅ አትንኳት፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በ1000 ወረቀት ውሃ እየነካችሁ ስታስኬዱበት ምልክቷም አይቀርም። ሥራውን ስትጨርሱ ቆርቆሮውን ገልብጣችሁ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ድረስ ተጫኑት፤ አፉ ሳይደፈን ለሌላ ቀን ይተርፋችኋል። ለአንድ መካከለኛ ኬዝ የውጭ ገጽ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት የቀለም ቆርቆሮዎች በቅተውኛል፤ ከሁለተኛውም ተርፏል።

አንጸባራቂ ቀለም የጣት አሻራና ጭረት ስለሚያጎላ ደብዛዛ ጥቁር፣ ሻጮች ማት የሚሉትን መርጫለሁ። ሰው በብዛት የሚነካው የፊቱ ክፍል ላይ ብቻ ክሊር የሚባለውን ቀለም አልባ መከላከያ ደርቤበታለሁ፤ ክሊሩም ከቀለሙ ጋር አንድ ማምረቻ የሠራው እንዲሆን ተጠንቅቄያለሁ፣ የማይስማሙ ቀለሞች ሲደራረቡ እንደ ሐምሌው መጨማደድ አለና። የወረቀት ፕላስተሩን ቀለሙ ድርቅ ሳይል፣ ወደ ጎን አዘንብላችሁ ቀስ ብላችሁ አንሡት።

ከሁሉ የከበደኝ መጠበቁ ነበር። ቀለሙ በሰዓት ውስጥ በእጅ አይጣበቅም፤ ይህ ማለት ግን ጠንክሯል ማለት አይደለም። ኬዙን አንድ ሳምንት ሙሉ ከመደርደሪያ ላይ ሳልነካው አቆየሁት። አፍንጫዬን አስጠግቼ የቲነር ሽታ እስካለ ድረስ ተውኩት፤ ሽታው ሲጠፋ በማይታየው የሥር ጠርዝ ላይ ጥፍሬን ተጫንኩበት፣ ምልክት አልተወም። ያኔ ነው የገጠምኩት።

ይህን ያዩ ጓደኞቼ ሌላም ነገር እንድቀባላቸው ጠይቀውኛል፤ እንቢ የምልባቸውን ላስቀምጥ። የማራገቢያ ክንፍ አልቀባም፤ በአንዱ ክንፍ ላይ የሚበዛ ቀለም ሚዛኑን አስቶ ያንቀጠቅጠዋል፣ ቀለሙ መሐል ከገባም ይነክሳል። ማራገቢያው የታሰረበትን ዙሪያውን ፍሬም ብቻ፣ መሐሉን ሸፍኖ መቀባት ይቻላል። የኪቦርድ ፊደሎችም በጣት ስለሚሸረሸሩ ጥቂት ወር አይቆዩም። የማቀዝቀዣ ብረት ክንፎች አይቀቡም፤ ቀለሙ በመካከላቸው ያለውን መተላለፊያ ይዘጋል። የግራፊክስ ካርድ የፕላስቲክ ሽፋን ግን ብቻውን የሚወልቅ ከሆነ እንደ ማንኛውም ፕላስቲክ ይቀባል፤ ሽፋኑን ለማውጣት ማቀዝቀዣውን ከቺፑ ላይ ማላቀቅ የሚጠይቅ ሆኖ ከተገኘ ግን አዲስ ተርማል ፔስት፣ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ሳይኖራችሁ አትጀምሩት። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን በሚመለከት፣ በሐምሌው ሥራዬ የፊቱን ወንፊት በወፍራም ቀለም ደፍኜው ስለነበር የፕሮሰሰሩ ሙቀት ከበፊቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ጨምሮ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ወንፊቱን በብርሃን ፊት ይዤ፣ ከሩቅና አዘንብዬ፣ አንድ ስስ ዙር ብቻ ሰጠሁት።

ገንዘብ የምትቆጥቡበትን ለይታችሁ እወቁ። ካርቶኑ፣ ሽቦው፣ ጋዜጣው ከቤት ይገኛል፤ ብርጭቆ ወረቀት ከሠፈር የሕንፃ መሣሪያ መደብር በነጠላ ይሸጣል። ለመለማመጃ የሚሆን ስባሪ ላሜራና ፕላስቲክ ምናለሽ ተራ በትንሽ ዋጋ አገኛለሁ፤ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ እዚያ ስባሪ ላይ መሞከር ደግሞ ከኬዙ ላይ ከመሞከር ይረክሳል። የማይቆጠብበት የአፍ መሸፈኛው ነው። የጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ የቀለሙን ብናኝ ጥቂት ይይዝ ይሆናል እንጂ የቲነሩን ጋዝ አያግደውም። በሐምሌ በጨርቅ ማስክ ሠርቼ ማታውን ራሴን ሲያመኝና ሲያጥወለውለኝ አደረ። የከሰል ማጣሪያ ያለውን፣ ቀለም ቀቢዎች የሚያደርጉትን ማስክ ከጋሼ ተውሼ ነው ሁለተኛውን የጨረስኩት፤ ማጣሪያው ሽታ ማሳለፍ ከጀመረ አርጅቷልና ይለወጣል። ክፍል ውስጥ መስኮት ከፍቶ መርጨት ግን ማስክም ቢኖር አይመከርም።

ኬዙ ከተገጠመ በኋላ ሁለተኛውንም ኮምፒውተር ቀባሁት፤ ያ በአራት ቀን ሥራና በአንድ ሳምንት ጥበቃ ያለ ችግር አለቀ። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ቦርሳውን ሲያስቀምጥ የመጀመሪያው ኬዝ ማዕዘን ተጫረ። ከተረፈው ቆርቆሮ ጥቂት ቀለም በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ረጭቼ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁት። ከቅርብ ካልሆነ አይታይም።